ምዕራፍ 7፦ አራት ዲስክ አራት እጥፍ ይፈጥናል?

ባለፈው ምዕራፍ አራት ሃርድ ዲስኮችን አጣምረን ኮምፒውተሩ እንደ አንድ ሰፊ ዲስክ እንዲያያቸው አድርገናል። ይህን ሥራ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው አይለዋወጥም፤ «ታዲያ ስንት እጥፍ ፈጠነ?»

መልሱን ከመለኪያ ፕሮግራም ለማግኘት የሞከረ ግን ግራ ሊጋባ ይችላል። አንዱ ሙከራ በሴኮንድ 780 ሜጋባይት አካባቢ ይለዋል። ሌላው በዚያው ቀን፣ በዚያው ኮምፒውተር፣ በእነዚያው ዲስኮች ላይ 0.3 ሜጋባይት ይለዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ሺህ እጥፍ ይበልጣል። አንዱ ፕሮግራም ተበላሽቷል ብሎ የሚዘጋው ብዙ ነው።

ሁለቱም ግን ልክ ናቸው። የዲስክ ፍጥነት አንድ ቁጥር አይደለም፤ ዲስክ መደርደርም አንዱን ዓይነት ፍጥነት ያበዛል እንጂ ሌላውን አይነካውም። ይህ ምዕራፍ ከዚህ ከአንድ ሐሳብ ብዙም ፈቀቅ አይልም። ሐሳቡን የያዘ አንባቢ የትኛውንም መለኪያ ከፍቶ ቁጥሮቹን መፍታት ይችላል፤ ያልያዘ ደግሞ ትልቁን ቁጥር አይቶ ገንዘቡን ያወጣል።

## ወፍጮ ቤቱ

አንድ የሰፈር ወፍጮ ቤት እናስብ፤ አራት ወፍጮዎች ተደርድረዋል። አንድ ነጋዴ አራት ኩንታል ስንዴ አስጭኖ ይመጣል። ለእያንዳንዱ ወፍጮ አንዳንድ ኩንታል ይደርሰዋል፣ አራቱም አብረው ይጮኻሉ፣ ነጋዴውም በአንድ ወፍጮ ቢያስፈጭ ከሚፈጅበት ጊዜ በሩቡ ዱቄቱን አሸክሞ ይወጣል። ወፍጮ ቤቱ እንዴት ነው ቢባል «አራት እጥፍ ይፈጥናል» ይላል። አልተሳሳተም።

ቀጥሎ አንዲት እናት ለሽሮ የሚሆን አንድ ጣሳ ክክ ይዘው ይገባሉ። ፈጪው ይመዝናል፣ ወፍጮው ውስጥ የቀረውን የስንዴ ዱቄት ያራግፋል፣ ክኩን ያፈሳል፤ ድንጋዩ ጥቂት ይዞርና አለቀ። መፍጨቱ ምንም አልፈጀም፤ ጊዜውን የበላው ዝግጅቱ ነው። ሦስቱ ወፍጮዎች ሥራ ፈትተው ቆመዋል። እንርዳ ቢሉም አይሆንላቸውም፤ አንድ ጣሳ ክክ ለአራት ቢከፋፈል ማራገፉም አራት ጊዜ ይሆናል። እኚህ እናት «ወፍጮው አራት ሆነ አንድ ለእኔ ያው ነው» ቢሉ እሳቸውም አልተሳሳቱም።

ሦስተኛው ሁኔታ የበዓል ሰሞን ነው። አርባ ሰው ትንንሽ ከረጢት ይዞ ተሰልፏል። አሁን አራቱ ወፍጮዎች አራት ሰው በአንዴ ያስተናግዳሉ። የአንዱ ሰው ክክ የሚዘጋጅበትና የሚፈጭበት ጊዜ አላጠረም፤ ያጠረው ወረፋው ነው።

በኮምፒውተር ዓለም የነጋዴው መለኪያ «በሴኮንድ ስንት ሜጋባይት» ነው። የእናት መለኪያ «አንድ ጥያቄ እስኪመለስ ስንት ሚሊሴኮንድ ይፈጃል» የሚለው ነው፤ ባለሙያዎች ሌተንሲ ይሉታል፣ እኛ ጥበቃ እንለዋለን። የበዓል ሰሞኑ መለኪያ ደግሞ «በሴኮንድ ስንት ጥያቄ ተስተናገደ» ይላል፤ በዲስክ ካርቶን ላይ አይኦፒኤስ ተብሎ የሚጻፈው ይኸኛው ነው። ሦስቱ ሲደበላለቁ ነው ክርክር የሚነሣው።

## የአንዱ ዲስክ ሂሳብ

በምዕራፍ 3 ሃርድ ዲስክን ከፍተን የሚሽከረከሩትን ሳህኖችና ከላያቸው የሚመላለሰውን ክንድ አይተናል። አሁን ያንን ምስል ወደ ቁጥር እንለውጠው።

በብዙ የቤት ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል። 60 ሴኮንድን ለ7200 ብናካፍል አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሴኮንድ ይወጣዋል። የምንፈልገው መረጃ አንዳንዴ ክንዱ ሥር ይገኛል፣ አንዳንዴ ገና አሁን አልፎ ሙሉ ዙር ያስጠብቃል፤ ስለዚህ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ሚሊሴኮንድ ያህል እንጠብቃለን። ከዚያ በፊት ግን ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር መሄድ አለበት፤ ይህ በአማካይ ወደ 8.5 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። ሲደመር 12.7 ሚሊሴኮንድ። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ይህ 79 ጊዜ ያህል ይደጋገማል፤ እኛ 80 እንበለው።

እያንዳንዱ ጥያቄ 4 ኪሎባይት ብቻ የሚያመጣ ከሆነ፣ 80 ጊዜ 4 ማለት 320 ኪሎባይት ነው። ያ ነው ቅድም ያስደነገጠን 0.3 ሜጋባይት። ክንዱ ሳይንቀሳቀስ አንድን ረጅም ፋይል በተርታ ቢያነብ ደግሞ ያው ዲስክ በሴኮንድ ወደ 200 ሜጋባይት ይሰጣል። አራቱ አብረው ሲያነቡ 800 ሊደርሱ ይችላሉ፤ ጥቂት መንገድ ላይ ሲቀር 780። ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ብረት ወጡ።

ይህ ጥበቃ በጊዜ ብዛት ብዙም ያልተሻሻለ ነገር መሆኑ ይገርመኛል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ፣ ራማክ፣ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ሲሆን አማካይ ጥበቃው 600 ሚሊሴኮንድ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ የዲስክ የመያዝ አቅም ከሚሊዮን እጥፍ በላይ አድጓል። ጥበቃው ግን ሃምሳ እጥፍ እንኳ አልቀነሰም። መረጃውን አጠጋግቶ መጻፍ ይቻላል፤ ብረት ክንድን አፍጥኖ ማንቀሳቀስና በቦታው ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው።

ኤስኤስዲ ገበያውን የለወጠው በዚህ በኩል ነው። የሚንቀሳቀስ ክንድ የለውም፤ ጥበቃው ከአንድ ሚሊሴኮንድ አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ እየቀረበለትም በሴኮንድ ወደ አሥር ሺህ ያህል ይመልሳል። አንድ መቶ ሃርድ ዲስክ ብንደረድር እንኳ የአንዷን ጥያቄ ጥበቃ ከ12.7 ሚሊሴኮንድ አናወርደውም። መቶ ወፍጮ ያለው ቤት የጣሳዋን ክክ ቶሎ አይፈጫትም።

## ወረፋ በሌለበት

ፋይሎች በዲስኮቹ ላይ እንዴት እንደሚከፋፈሉ ባለፈው ምዕራፍ አይተናል። ሥርዓቱ ፋይሉን በእኩል ቁራጭ እየቆረጠ የመጀመሪያውን ለአንደኛው ዲስክ፣ ሁለተኛውን ለሁለተኛው እያለ ያድላል። በሊኑክስ ላይ ኤምዲአድም የሚባለው መሣሪያ ሌላ ካልተነገረው ቁራጩን 512 ኪሎባይት ያደርገዋል። 4 ጊጋባይት የሆነ ቪዲዮ ከ8 ሺህ በላይ ቁራጭ ይወጣዋል፤ አራቱም ዲስኮች እኩል ይሠራሉ። 4 ኪሎባይት የሆነች ትንሽ ፋይል ግን አንዱን ቁራጭ እንኳ አትሞላም። ያለችው አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ሦስቱ አያውቋትም።

ስለዚህ ድርድሩ በትንንሽ ሥራ ላይ የሚጠቅመው ብዙ ጥያቄ በአንዴ ሲቀርብለት ነው። በአንድ ቅጽበት መልስ እየጠበቁ ያሉት ጥያቄዎች ብዛት የወረፋ ጥልቀት ይባላል። ጥልቀቱ 1 ከሆነ፣ ማለትም ፕሮግራሙ አንዱን ሳይቀበል ሌላውን የማይጠይቅ ከሆነ፣ አራቱ ዲስክ እንደ አንድ ዲስክ በሴኮንድ 80 ያስተናግዳሉ። ጥልቀቱ 4 ሲሆንስ አራት እጥፍ ይሆናል? አይሆንም። አራት ጥያቄዎች በዕድል አራት ዲስኮች ላይ ሲያርፉ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንድ ዲስክ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም። ሂሳቡ ሲሠራ በአማካይ በሥራ የሚጠመዱት 2.7 ዲስኮች ናቸው። ሁሉንም ለማጥመድ ወረፋው ጥልቅ መሆን አለበት።

ወረፋ ሲጠልቅ ግን ዋጋ አለው። አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ቀላል ሕግ አለ፦ በመጠበቅ ላይ ያሉት ብዛት በሴኮንድ ከሚስተናገደው ቁጥርና ከእያንዳንዱ ቆይታ ብዜት ጋር እኩል ነው። 32 ጥያቄ ምንጊዜም ሰልፍ ላይ ይኑር፤ ድርድሩ በሴኮንድ 320 ያስተናግድ። 32 ለ320 ሲካፈል 0.1 ሴኮንድ፣ ማለትም 100 ሚሊሴኮንድ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 320 እውነት ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ብቻውን ቢሆን ከሚጠብቀው ስምንት እጥፍ ያህል ጠብቆ ነው ቁጥሩ የተገኘው። (ዲስኮች ወረፋቸውን አይተው ክንዱን በሚያመች ቅደም ተከተል ስለሚያንቀሳቅሱ በተግባር ውጤቱ ትንሽ ይሻላል።)

በዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀውን ክሪስታል ዲስክ ማርክን የከፈተ ሰው አራት መስመር ያያል። ከላይ ያሉት ሁለቱ በተርታ የሚነበብና የሚጻፍ ትልቅ ፋይልን ይለካሉ። ከታች ያሉት ሁለቱ የተበታተኑ ባለ 4 ኪሎባይት ቁራጮችን ይለካሉ፤ ከእነሱም የፊተኛው 32 ጥያቄ በአንዴ ይለቃል፣ የመጨረሻው ግን አንድ ብቻ። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ነው። እኔ ከታች ጀምራችሁ እንድታነቡ እመክራለሁ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ፕሮግራም ሲከፈት፣ ፎልደር ሲገለጥ የሚያስጠብቀን ነገር በአብዛኛው ከዚያች የመጨረሻ መስመር ጋር ይቀራረባል። የቤት ኮምፒውተር የበዓል ሰሞን ሰልፍ የሚያይበት ጊዜ ጥቂት ነው።

## የበርክሊው ሐሳብና ዋጋው

ዲስክ የመደርደር ሐሳብ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ባሳተሙት ጥናት ነው። ሬይድ ያሉት እነሱ ናቸው። ጥናቱ በዘመኑ ትልቅ የነበረውን የአይቢኤም ዲስክ ለግል ኮምፒውተር ከሚሸጡ፣ 100 ሜጋባይት ከሚይዙ ትንንሽ ዲስኮች ጋር ያወዳድራል፤ 75ቱ ትንንሾች ተደምረው የትልቁን ያህል ይይዛሉ፣ የማስተላለፍ አቅማቸው ግን ከትልቁ በብዙ ይበልጣል።

ችግሩንም ሳይሸፍኑ ጽፈዋል። አንዱ ትንሽ ዲስክ በአማካይ 30 ሺህ ሰዓት ቢሠራ፣ መቶው ሲደረደር አንዱ የሚበላሽበት አማካይ ጊዜ 300 ሰዓት ይሆናል፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ፍጥነት ያመጣው ብዛት ብልሽትንም አመጣ። ስለዚህ መጠባበቂያ መረጃ አብሮ መጻፍ ግድ ሆነ፤ መጠባበቂያው ደግሞ ፍጥነት ይበላል። በሬይድ ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት የሚመነጨው እዚህ ላይ ነው።

ሬይድ 5 ከሁሉም የበለጠ ማብራሪያ ይፈልጋል። አራት ዲስክ ካለን በሦስቱ ላይ መረጃ፣ በአራተኛው ላይ የእነሱን ማጠቃለያ ይጽፋል (ማጠቃለያው በየተራ በዲስኮቹ ላይ ይዘዋወራል)። በድምር ብናስበው፣ መረጃዎቹ 3፣ 5 እና 4 ቢሆኑ ማጠቃለያው 12 ነው። 5 ያለበት ዲስክ ቢጠፋ ከ12 ላይ 3ንና 4ን ቀንሰን እናገኘዋለን። እውነተኛው ስሌት ድምር ሳይሆን ኤክስኦር የሚባል የቢት ስሌት ነው፤ መንፈሱ ግን ይኸው ነው።

አሁን 5 ወደ 7 ይለወጥ። 7ን ጽፎ መሄድ አይቻልም፤ ማጠቃለያውም መለወጥ አለበት። ለዚህ የድሮውን 5 ማንበብ፣ የድሮውን 12 ማንበብ፣ ከዚያ 7ን መጻፍ፣ 14ን መጻፍ ያስፈልጋል። ለአንድ ትንሽ ጽሑፍ አራት የዲስክ ሥራ። አራቱ ዲስኮች በሴኮንድ በድምሩ 320 ሥራ መሥራት ይችላሉ ብለናል፤ 320 ለ4 ሲካፈል 80 ነው። አራት ዲስክ ገዝተን በሬይድ 5 ብንደረድር፣ የተበታተነ ትንንሽ ጽሑፍ በመጻፍ በኩል የምናገኘው የአንድ ዲስክ አቅም ነው። ሬይድ 5ን «ፈጣን» ብለው የሚመክሩ ሰዎች ይህን ሂሳብ አሳይተው ቢመክሩ ደስ ይለኛል።

ትልቅ ፋይል በተርታ ሲጻፍ ግን ይህ ቅጣት የለም። ሦስቱም መረጃ አዲስ ስለሆነ ማጠቃለያው ከእነሱ ብቻ ይሰላል፤ ሦስት ዲስክ በ200 ሲባዛ 600 ሜጋባይት ድረስ ይሄዳል። ሬይድ 10፣ ማለትም ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አንዱ የሌላውን ቅጂ የሚይዙበት፣ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ሁለት ሥራ ብቻ ስለሚፈልግ 160 ትንንሽ ጽሑፍ ያስተናግዳል፤ በተርታ ሲጽፍ ግን ወደ 400 ሜጋባይት ይወርዳል፣ ከአራቱ ዲስክ የሁለቱን ቦታም ይወስዳል። በመጻፍ ሬይድ 0 ሁለቱንም ያሸንፋል፤ ምክንያቱም መጠባበቂያ የለውም፤ አንድ ዲስክ ሲሞት ሁሉም ነገር ይሞታል። ትንንሽ ንባብ ላይ ሦስቱም እኩል 320 ያህል ናቸው።

እንግዲህ «ከሬይድ 5 እና ከሬይድ 10 የትኛው ይፈጥናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ሥራው ይገለበጣል። ትልቅ ቪዲዮ ለሚያከማች ሬይድ 5፣ ዳታቤዝ ለሚያንቀሳቅስ ሬይድ 10።

## መለኪያው ሲያታልል

ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀንም የተሳሳተ መልስ ልናገኝ እንችላለን። ዋናዋ አታላይ ራም ናት። ሊኑክስም ዊንዶውስም ሥራ የፈታውን ራም ባዶ አይተዉትም፤ በቅርብ የተነበቡ ፋይሎችን ያስቀምጡበታል፤ ይህ ቦታ ካሽ ይባላል። 16 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ 2 ጊጋባይት ፋይል ሁለት ጊዜ ብናነብ፣ ሁለተኛው ንባብ ዲስኩን ሳይነካ ከራም ይመጣል፤ መለኪያውም በሴኮንድ ብዙ ሺህ ሜጋባይት ይላል። ይህ ካሽን እንጂ ዲስክን መለካት አይደለም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ፕሮግራሙ ካሽን አልፎ በቀጥታ ዲስኩን እንዲጠይቅ ማዘዝ፣ ይህ ካልተቻለ የሙከራውን ፋይል ከራሙ እጥፍ ማድረግ።

በመጻፍ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ፕሮግራሙ «ጻፍ» ይላል፣ ሥርዓቱ ራም ላይ አኑሮ «ጽፌያለሁ» ይላል፣ መለኪያው ሰዓቱን ያቆማል፤ ዲስኩ ግን ገና አልጀመረም። ዲስኩም የራሱ ትንሽ ማህደረ ትውስታ ስላለው እዚያ ላይ ያኖረውን እንደተጻፈ ቆጥሮ ሊመልስ ይችላል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ የፍጥነት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢሄድ ተጻፈ የተባለው ነገር የለም። በሬይድ 5 ላይ ደግሞ አዲሱ 7 ተጽፎ ማጠቃለያው 12 እንዳለ ሊቀር ይችላል፤ ስህተቱ የሚታወቀው ሌላ ዲስክ ሲበላሽና በዚያ ማጠቃለያ መረጃ ለማስመለስ ሲሞከር ነው። ስለዚህ የመጻፍ ሙከራ ሲደረግ መረጃው ዲስኩ ላይ መድረሱ እስኪረጋገጥ ሰዓቱ እንዳይቆም ማዘዝ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ያንሳል። ዩፒኤስ የሌለው ሰው የሚኖረው ግን በትንሹ ቁጥር ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ሙከራው ዜሮ ብቻ የሚጽፍ ከሆነና የፋይል ሥርዓቱ መረጃን የሚያምቅ ከሆነ፣ እንደ ዜድኤፍኤስ ወይም ቢቲአርኤፍኤስ፣ ዲስኩ ላይ የሚደርስ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ውጤቱ ተረት ይሆናል። የሃርድ ዲስክ ውጨኛ መስመር ከውስጠኛው ይረዝማል፣ በአንድ ዙር ብዙ መረጃ ያልፋል፤ አዲስ ዲስክ መሙላት የሚጀምረው ከውጭ ስለሆነ ባዶ ሳለ 200 ያሳየው ሊሞላ ሲል ወደ ግማሹ ይጠጋል። ርካሽ ኤስኤስዲዎች የመጀመሪያዎቹን ጥቂት አሥር ጊጋባይቶች በፍጥነት ተቀብለው ከዚያ በኋላ ያዘግማሉ፤ አንዳንዶቹ ከሃርድ ዲስክ በታች ይወርዳሉ፤ የአንድ ደቂቃ ሙከራ ይህን አያይም። አዲስ የተሠራ ሬይድ 5 ደግሞ ለሰዓታት ከጀርባ ማጠቃለያውን ሲያስተካክል ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ መለካት በሩጫ ላይ ያለን ሰው የልብ ምት ቆጥሮ ታሟል እንደማለት ነው።

ገመዱም አለ። ዲስኮቹ በአሮጌ ዩኤስቢ 2 ከተያያዙ በሴኮንድ ከ40 ሜጋባይት ካለፉ ብርቅ ነው። በቤት ውስጥ አንድ ጊጋቢት በሆነ ኔትወርክ በኩል የሚነበብ ድርድር ከ125 ሜጋባይት ሊያልፍ አይችልም፤ በተግባር 110 አካባቢ ነው። ያ ደግሞ የአንድ ዲስክ አቅም እንኳ አይደለም። አራት ዲስክ ከኔትወርክ ጀርባ አስቀምጦ ሬይድ 5 ይሻላል ሬይድ 10 እያሉ በትላልቅ ፋይሎች መፈተን ኔትወርኩን ደጋግሞ መለካት ነው።

## ማወዳደር

ሁለት ነገር ሲወዳደር አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ይህ የታወቀ ምክር ነው፤ ቢሆንም በተግባር ሰው የሬይዱን ዓይነት ሲለውጥ የፋይል ሥርዓቱንም የቁራጩን መጠንም አብሮ ይለውጥና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ይቀራል።

ሙከራው ቢያንስ ብዙ ደቂቃዎች ይቆይ፣ ይደጋገም፣ የውጤቶቹም መካከለኛው ይወሰድ። ከአማካዩ ጎን ለጎን የከፋው ጥበቃም ይታይ። ከመቶ ጥያቄ 99ኙ በ10 ሚሊሴኮንድ ተመልሰው አንዷ አንድ ሙሉ ሴኮንድ ብትቆይ አማካዩ 20 ሚሊሴኮንድ አይሞላም፤ ለዓይን ደህና ይመስላል። ቪዲዮ እያየ ያለ ሰው ግን የሚያስታውሰው ምስሉ ያቆመበትን ያቺን አንዷን ነው። ደህና መለኪያ ፕሮግራሞች ይህን «99ኛ ፐርሰንታይል» በሚል ያሳያሉ።

ለዚህ ሥራ ከማውቃቸው መሣሪያዎች የምመርጠው የዴንማርኩ ተወላጅ ፕሮግራመር ጄንስ አክስቦ የጻፈውን ኤፍአይኦን ነው፤ በነጻ ይገኛል፣ በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራል። ጥቅሙ አንድ የተዘጋጀ ውጤት አለመስጠቱ ነው። ጥያቄው ስንት ኪሎባይት ይሁን፣ ስንት በመቶው ንባብ ስንት በመቶው ጽሑፍ ይሁን፣ በተርታ ነው ወይስ የተበታተነ፣ ወረፋው ስንት ይጥለቅ ብሎ እኛን ይጠይቃል። የማያውቀው ሰው በዚህ ይበሳጫል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሌለን ግን «የትኛው ይፈጥናል» ብለን ለመጠየቅም አልደረስንም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የመጻፍ ሙከራውን ወደ ፋይል ሳይሆን ወደ ዲስኩ በቀጥታ ብታዙት ያለ ርኅራኄ ላዩ ላይ ይጽፍበታል፤ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

ምሳሌ እንውሰድ። ቤቱ ሆኖ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ኮምፒውተሩ ስለዘገየበት አራት ዲስክ ሊደረድር አስቧል። ካሜራው በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ይቀርጻል፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ 12.5 ሜጋባይት ነው። አራት ካሜራ ጎን ለጎን ቢያጫውት 50 ሜጋባይት ያስፈልገዋል። ይህን አንድ ዲስክ ይችለዋል፤ 780ው ለዚህ ሥራ ትርፍ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የሚዘገየው? ፕሮጀክቱ ሲከፈት ፕሮግራሙ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን፣ የምስል ናሙናዎችን፣ የድምፅ ሞገድ ሥዕሎችን አንድ በአንድ ያነባል። አንድ ሺህ ፋይል በ12.7 ሚሊሴኮንድ ወደ 13 ሴኮንድ ይፈጃል፤ አሥር ሺህ ከሆነ ከሁለት ደቂቃ በላይ። ድርድሩ ይህን አያሳጥርለትም። ሲስተሙንና እነዚያን ትንንሽ ፋይሎች የሚይዝ አንድ ኤስኤስዲ ግን ጥበቃውን ከመቶ እጥፍ በላይ ይቀንስለታል፤ ዋጋውም ከአራት ሃርድ ዲስክ ያንሳል። ድርድሩን ቢገዛ ለቦታና ለመጠባበቂያ ብሎ ይግዛው፤ ለዚያ ጥሩ ነው።

## አንዱ ሲወድቅ

አንድ ሙከራ አለ ሰዎች የሚዘሉት። ድርድሩን የምንለካው አራቱም ዲስኮች ጤነኛ ሳሉ ነው፤ ሬይድ 5 የምንገዛው ግን ለጤናው ቀን ብቻ አይደለም።

አንድ ዲስክ ሲሞት በእሱ ላይ የነበረውን ለማንበብ የቀሩት ሦስቱ ሁሉ መነበብ አለባቸው። ከአራት ጥያቄ ሦስቱ እንደወትሮው አንድ አንድ ንባብ ይፈልጋሉ፣ አራተኛው ሦስት፤ በአማካይ 1.5። ሦስቱ ዲስኮች 240 ንባብ ካላቸው ለ1.5 ሲካፈል 160 ይቀራል። ከ320 ግማሹ ነው፤ ይህም አዲስ ዲስክ ተተክቶ ማስመለሱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ማስመለሱ ሲጀመር 4 ቴራባይት የሆነ ዲስክ በሴኮንድ በአማካይ 150 ሜጋባይት ቢሞላ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም ኮምፒውተሩን ማንም ካልነካው። በዚያ መሐል የሚሠራ ሰው ካለ ሥራውም ማስመለሱም ይጓተታሉ፤ ክንዶቹ የሁለቱንም ጥያቄ ለማሟላት ወዲያና ወዲህ ሲሉ ይውላሉ።

ይህን በራስ ድርድር ላይ መሞከር ይቻላል። በኤምዲአድም አንዱን ዲስክ «ተበላሽቷል» ብሎ ማወጅ፣ ያንኑ የቀድሞ ሙከራ መድገም፣ ከዚያ ዲስኩን መልሶ አስገብቶ ማስመለሱ ስንት ሰዓት እንደፈጀ መመዝገብ። ሙከራው የሚደረገው ግን ድርድሩ ላይ ቢጠፋ የሚያሳዝን ነገር ከመቀመጡ በፊት ነው፤ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ሁለተኛ ዲስክ ከወደቀ ሬይድ 5 የሚያስመልሰው የለውም። ለዚያ የሚያስፈልገው ከድርድሩ ውጭ የተቀመጠ ሌላ ቅጂ ነው፤ ወደ እሱ በምዕራፍ 8 እንሄዳለን።